የስምንት መቶኛ ክፍተት

ጥቅምት 9 ቀን

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ? በዓይኔ ያላየኋት ልጅህ አንገቷን ቻለች ወይ? ደህና ነን ብዬ ብጀምርልህ ደስ ባለኝ። ግን የጭነት መኪናው ሹፌር ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርለትምና ይህን ወረቀት ሳይሰጥህ በፊት ሁሉንም እንደሚዘረግፍልህ አውቃለሁ። ከእሱ የሰማኸውን ግማሹን ጣለው፤ እውነቱ እዚህ የጻፍኩት ነው።

ስልኬን ለምን እንደማላነሳ አስጠይቀሃል። ስልኬን ሻለቃ ረገጠው፣ ስብርባሪውን እኔ ጠረግኩት። ሻለቃን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የበቀለ ነው። ሻለቃ ይበሉት እንጂ ለአንድ ቀን እንኳ ወታደር ሆኖ አያውቅም። በበረሃው መንገድ የሚያልፈውን ጭነት ወይ ያጅበዋል ወይ ይዘርፈዋል፤ እንደ ቀኑ ነው። ክረምት ሳይገባ የበረሃ መኪናውን ሞተር ያደስንለት እኛ ነን። ፒስተኖቹን የላክህልኝ አንተ ነበርክ፤ ባለ ሃምሳዎቹን፣ ከፋብሪካው ልክ በግማሽ ሚሊ የሚሰፉትን።

እንዳዘዝኩት ሦስት ወር በዝግታ ሲያለማምደው ከረመ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ከሌሎች ባለጠመንጃዎች ጋር ተጋጩና በሙሉ ጉልበቱ ሲሸሹበት ሞተሩ ነከሰ። ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ፒስተኑ ግሎ አበጠ፣ ሲሊንደሩን ያዘ፣ መኪናው ቀጥ አለ። መሪውን የያዘው የሻለቃ ታናሽ ወንድም ነበር። አሳዳጆቹ ደርሰው ከወንበሩ ሳይነሳ በጥይት ወንፊት አደረጉት። ሻለቃ በእግሩ አመለጠ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናውን በገመድ ጎትተው አመጡት። የወንበሩ ደም አልታጠበም። «እዚሁ ፊቴ ፍቺው» አለኝ። ፈታሁት። የሞተሩን ራስ ሳነሳ አራቱም ሲሊንደሮች ከላይ እስከ ታች ተቧጭረዋል። ሲሊንደሮቹን በማሽኑ ቦርቡሮ ያሰፋቸው ባለቤቴ ነው፤ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ንዴት አናቴ ላይ ወጣብኝ። «አጥብበኸዋል» ብዬ በእጄ የነበረውን የብሎን መፍቻ ቺያቤ ፊቱ ላይ አሳረፍኩት። ሁለት ጥርሱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሻለቃ ሳቀ። «ለካ እሱ ነው» አለ። ከዚያ የራሳችንን መዶሻ ከግድግዳው አወረደና የባለቤቴን ጉልበት ሦስት ጊዜ መታው። ሦስተኛው ድምፅ እንደ ሁለቱ አልነበረም። ጭነውት ሄዱ። እስከ ኅዳር 4 ሞተሩ ካልተነሳ ሬሳውን እንደሚልክልኝ ነግሮኛል፤ የሚቀልድ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ባለ መቶ ፒስተን አራት፣ በአንድ ሙሉ ሚሊ የሚሰፉትን፣ ከነሪንጉና ከነፒኑ፣ እንዲሁም የሞተሩን ማሸጊያ፣ አንድ ሙሉ ጓርኒሲዮን፣ ፈልግልኝ። ከመቶ በላይ ይህ ብሎክ አይሰፋም፤ የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ከአሮጌዎቹ አንዱን ለአብነት ልኬልሃለሁ። ቶሎ በል።

እህትህ

ጥቅምት 13 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ መጠየቅ ራሱ ስድብ መሰለኝና እጄ ተያዘ። ልጅቷ ደህና ናት፤ አንገቷን ችላ አሁን መቀመጥ ትታገላለች። ሹፌሩ እውነትም አንቺ ካልሽው በላይ ዘርግፎልኛል። እንዲያውም አንቺን ሞተሻል ብሎኝ ነበር፤ ደብዳቤሽን እያቀበለኝ።

ከደረሰኝ ሰዓት ጀምሮ ሱቄን ዘግቼ የመለዋወጫ ሰፈሩን አንድ በአንድ አዳርሻለሁ። ባለ መቶ ጠፍቷል። አንዱ ጋ አራት አገኘሁና በሚዛን ባስቀምጣቸው አንደኛው ከሌሎቹ በአስራ አንድ ግራም ይከብዳል። ነጋዴው «በአስራ አንድ ግራም ማን ሞተ» አለኝ። ልነቀው አሰብኩና ተውኩት። ሌላው ጋ ሳጥኑ ውሃ ገብቶበት የሪንጉ ማረፊያ ተበልቷል። ሦስተኛው ጋ ብቻ ንጹህ አራት አገኘሁ፤ ተቀጥቅጠው የተሠሩት ዓይነት ናቸው፣ ቀልጠው በቅርጽ የፈሰሱት አይደሉም። ለሻለቃሽ አነዳድ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ልኬልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስትቦረቡሪው በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ስምንት መቶኛ ሚሊ ተይለት። አራት አታድርጊው። ስምንት። የአሁኑ ፋብሪካ እንደዚያ ነው የሚያዘው።

የላክሽልኝን አሮጌ ፒስተን አየሁት። አየሁት፣ ምን ልበልሽ። ጋሼ ግን አጥብቦ የሚቦረቡር ሰው አይደለም። ስንት ዓመት አብራችሁ ስትሠሩ አንድ ቀን ልክ ስቶ ያውቃል? ከሆነው ሁሉ የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር በሱ መፍረድሽ ነው። በዚህ ብትቆጪኝም እቀበላለሁ። ሌላውን ሁሉ ደግሞ አብርደን እንነጋገርበታለን።

ታናሽሽ

ጥቅምት 18 ቀን

ለወንድሜ፣

ፒስተኖቹ በደህና ደርሰዋል። አስተሻሸግህ የሙሽራ ሻንጣ ነው የሚመስለው።

ለምን እንዳልተኛሁ ሹፌሩን ጠይቀኸዋል አሉ። ሐሙስ ቀን ሻለቃ የክብሪት ቀፎ ላከልኝ። ውስጡ ሁለት የጣት ጥፍር አለ። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሥራቸው ላይ ሃያ ዓመት የጠገበው የማሽን ዘይት አለ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ በቤንዚን ፈትጌው እምቢ ያለኝ ጥቁረት ነው። ቀፎውን ዘጋሁና ተፋሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ምን ላድርግ?

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ስምንት መቶኛ ትለኛለህ። አባታችን አራት ብሎ አስተማረኝ፣ እኔም ባሌም ዕድሜያችንን ሙሉ አራት ነው የተውነው፤ የአንድ ጸጉር ግማሽ። አንተ የአንድ ሙሉ ጸጉር ያህል ተዪ ትላለህ። መቼ ነው አንተ ሞተር ፈተህ የምታውቀው? «የአሁኑ ፋብሪካ ያዛል» አትበለኝ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ አረፍተ ነገርህ አጭር እንደሚሆን አውቃለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ። አዲሱን ፒስተን ከአሮጌው ጎን አቆምኩት። ከውፍረቱ በቀር አንድ ናቸው። በተራው ፒስተን ላይ ከታች የሚኖረው የተሰነጠቀ መስመር ሁለቱም ላይ የለም። አሮጌውን መቆንጠጫ ላይ አሰርኩና በከባዱ መዶሻ ደበደብኩት። ቀልጦ የፈሰሰ ፒስተን እንደ ሸክላ ነው የሚፈረካከሰው። ይሄ ታጠፈ፣ ተጣመመ፣ አልተሰበረም። እጄ እስኪዝል መታሁት፣ አልተሰበረም። ሳጥኑ ግን እስካሁን መደርደሪያው ላይ አለ፤ ተራውን ዓይነት ነው የሚለው።

ባሌ የለካው በሳጥኑ ላይ ላለው ነበር። እኔ የቀጣሁት ልክ ስለሠራ ነው። በዚያ ሳጥን ውስጥ ሌላ ፒስተን የከተተው ማን ነው? ነጋዴው አታሎህ ነው ወይስ ሌላ? እንዳታባብለኝ። እውነቱን ጻፍልኝ፤ የሚተወው ክፍተት እንኳ የሚወሰነው በሱ ነው። ያላወቅሁትን ብረት አልቦረቡርም።

እህትህ

ጥቅምት 21 ቀን

እትዬ፣

ማንም አላታለለኝም። የከተትኩት እኔ ነኝ።

የብየዳ ማሽኑን የላክሁልሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? በማግስቱ በዚያው መኪና መለስሽው። «እኔ አሳድጌህ አንተ ልትጦረኝ ነው?» ብለሽ የጻፍሽውን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም። ከዚያ በኋላ ከኔ እጅ የሚመጣ ጥሩ ነገር ሁሉ እንደሚመለስብኝ አወቅሁ። ለሻለቃ መኪና ፒስተን ስታዢኝ እጄ ላይ የተቀጠቀጡት ነበሩ፤ በመደርደሪያዬ ካለው ሁሉ የተሻሉት። የሚሠሩት የእህቴ እጆች ናቸው፣ ስሟ ይነሳበት አልኩ። ተራውን ሳጥን ፈልጌ እነሱን ከተትኩበት፤ እንዳትመልሺው።

በሳጥናቸው ውስጥ አንድ ብጫቂ ወረቀት ነበር። ስምንት መቶኛ ይላል። የተቀጠቀጠ ብረት ሲሞቅ የበለጠ ያብጣል፣ ለዚያ ነው። አንብቤዋለሁ እትዬ። አላነበብኩም ብዬ እንዳልምል ብዬ ነው የምነግርሽ። አብሬ ብልከው ነገሩ ይገለጣል ብዬ ኪሴ ከተትኩት። እኔ ሻጭ ነኝ፤ ጥሩ ዕቃ ጠበቅ ቢል ምን ይጎዳል ብዬ ነበር። ጋሼም ሲያየው ይለየዋል፣ በልቡ ስቆ ዝም ይልልኛል አልኩ።

የላክሽልኝን አሮጌ ፒስተን ሳጥኑን ከፍቼ ሳየው ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ያን ጊዜ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። «ፋብሪካው ያዛል» ብዬ ልሸውድሽ ሞከርኩ። ፈራሁ። ላንቺ ብቻ ነው የፈራሁት ብዬ ልዋሽሽ አሰብኩ፤ ግን ለራሴም ነው የፈራሁት።

ለጋሼ ይቅርታዬን አድርሺልኝ። እኔ ደግሞ በሚመጣው መኪና ተሳፍሬ እመጣለሁ። ለሻለቃ በገዛ አፌ እነግረዋለሁ፣ የሚያደርገውን ያድርገኝ።

ታናሽሽ

ጥቅምት 24 ቀን

አትምጣ። ይህን ደብዳቤ ለዚያ ብቻ ነው የምጽፈው።

ብትመጣ ሻለቃ አይደርስብህም፤ ከጋራዡ በር ላይ እኔው በመዶሻ እፈነክትሃለሁ። ትናንት ደብዳቤህን አንብቤ እንደጨረስኩ የመስኮቱን መስታወት በቡጢ መትቼ እጄን ሰባት ቦታ ተሰፍቻለሁ። ፊትህ እዚያ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። እወድሃለሁ፤ ልገድልህም እፈልጋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ለጋሼ ይቅርታዬን አድርሺልኝ ትላለህ። በምን አፌ? እኔስ የራሴን አድርሻለሁ? አንተ ደበቅህ፣ እኔ ፈረድኩ፣ የሚገረፈው እሱ ነው። ያን ቀን «አጥብበኸዋል» ባልል ኖሮ ሻለቃ ማን እንደቦረቦረው እንኳ አያውቅም ነበር።

በሹፌሩ ጆሮ የላክህብኝን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳትልክብኝ። አዎ፣ እኔም አስቤዋለሁ። ክፍተቱን አጥብቤ ልሠራው፣ በረሃው መሃል ነክሶ እዚያው ጠላቶቹ እጅ ላይ ሊጥለው። ሻለቃ ግን ደደብ አይደለም። ሰኞ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና የመጀመሪያው ጉዞ እንዴት እንደሆነ ነገረኝ። ባሌን ከጎኑ አስቀምጦ ወንድሙ እስከሞተበት ቦታ ድረስ በሙሉ ጉልበት ነድቶ ይመለሳል። ከቆመ ባሌ ከመኪናው አይወርድም። ሲናገር የሥራ መቁረጫዬን አንስቶ ጥፍሩን ይከረክም ነበር፣ የራሱን።

ስለዚህ በትክክል እሠራዋለሁ። ሲሊንደሮቹን በባሌ ማሽን እኔው መቦርቦር ጀምሬያለሁ፣ በተሰፋ እጄ። ሁለቱ አልቀዋል። ስምንት መቶኛ፤ በየሩብ ሰዓቱ እለካዋለሁ። ስላንተ ዝም እላለሁ። ሚስትህም እንዳትሰማ። ቁጭ በል፣ ሱቅህን ክፈት፣ እንደ ሰው ሰላም በል። ምን ጊዜም እንደማደርገው ይሄንንም እኔ እሸከመዋለሁ።

እህትህ

ጥቅምት 28 ቀን

ለእትዬ፣

በሹፌሩ በኩል የጠየቅሽኝን የሪንግ ክፍተት በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ያን ብጫቂ ወረቀትም አብሬ ልኬዋለሁ፤ አሁን ምን ይሠራል ብትዪም፣ እኔ ጋ ሊቆይ አልቻለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ወረቀቱ ላይ ስለሌለ። የበረሃ ውድድር የሚነዳ አንድ ደንበኛዬን ጠይቄው ነው። ክፍተቱ ስምንት ሲሆን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ያንኳኳል። በደንብ ያልሠራሽው ያህል ያንኳኳል። አትደንግጪ፣ እንዳትነኪውም። ሲሞቅ ፒስተኑ ቦታውን ይሞላና ጭጭ ይላል።

አትምጣ ስትዪኝ ደስ አለኝ። መጻፉ ያሳፍራል ግን እውነት ነው። ደብዳቤሽን መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩና ዳቦ ገዝቼ እየበላሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ ልጅቷን ሳቅፍ የጋሼ ጥፍር ትዝ አለኝና አስመለሰኝ። ልጅቷ ትናንት ያለ ድጋፍ ተቀመጠች። ባንቺ ስም ነው የምንጠራት፤ እስካሁን ያልነገርኩሽ ደስ እንዳይልሽ ሳይሆን ዐይን ለዐይን ልነግርሽ ብዬ ነበር።

ዝምታሽን መቼም አልረሳውም።

ታናሽሽ

ኅዳር 4 ቀን

ወንድሜ፣

ቆመህ እንዳታነበው። ሚስትህን ጥራና እሷ ልጅቷን እያለበሰች አንብበው።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነሳሁት። ባሌን አምጥተውት ነበር። እግሩ ተንጠልጥሎ ይጎተታል፣ ፊቱ አብጦ አንዱ ዓይኑ አይታይም። ከፊት ወንበር አስቀመጡት፤ ሻለቃ በመሪው በኩል ገባ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ከዚያ አንኳኳ። አንተ እንዳልከው፣ ከዚያም በባሰ፤ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሞሉ ያህል። ሻለቃ ፊቱ ጠቆረ። ሽጉጡን አውጥቶ የባሌ ጆሮ ላይ አደረገው። «እስኪሞቅ ነው፣ አሥር ደቂቃ ስጠኝ» አልኩት። ሰጠኝ። ግን በየደቂቃው በሽጉጡ እጀታ የባሌን ትከሻ ይመታው ነበር፣ ጊዜ እየቆጠረ። በሰባተኛው ምት ላይ ማንኳኳቱ ቀጭን ሆነ፣ በስምንተኛው ጠፋ። እንደዚያ ያለ ጸጥ ያለ ሞተር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ሄዱ። ሰባት ሰዓት አካባቢ ተመለሱ። ድምፁን ከሩቅ ስሰማው አለቀስኩ፤ አልቆመም፣ ባሌም ከነነፍሱ አለ። ሁሉም ያለቀ መስሎኝ በሩን ልከፍትለት ስሮጥ ሻለቃ ወረደና እጁን በጨርቄ እየጠረገ፣ በዝግታ፣ «ያኔ ለምን አላንኳኳም?» አለኝ። «ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ እኔው ነበርኩ የማስነሳው። አንድ ቀን ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። እንደሚያንኳኳ ያወቅሽው አሁን ከሆነ፣ ያኔ ያላወቅሽው ማን ስላልነገረሽ ነው?»

ዝም አልኩ። ቃል የገባሁልህን ያህል ዝም አልኩ፤ ከዚያም በላይ። «እንግዲያው ይሄው ነው ያጠበበው» አለና ሽጉጡን ወደ ባሌ አዞረ። ባሌ ምን አለ መሰለህ? በዚያ ጥርስ በሌለው አፉ፣ እኔ በሰበርኩት አፉ፣ «እሷ አጥብበኸዋል ካለች ልክ ናት። በሥራ ተሳስታ አታውቅም። እኔ ነኝ» አለ። ወንድሜ፣ እስካሁን አምኖኝ ነበር። አስረው ባቆዩት ጉድጓድ ውስጥ ሃያ አምስት ቀን ሲደበድቡት፣ ጥፍሩን ሲነቅሉት፣ ጥፋቱ የሱ ነው ብሎ ነበር የተቀበለው፣ እኔ ስላልኩ።

ያን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስምህን ነገርኩት። ሳጥኑን፣ ወረቀቱን፣ ሁሉንም። ሱቁ የት ነው አለ። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አረንጓዴው በር አልኩት። ታናሼ ነው፣ ልጅ አለው፣ በክፋት አይደለም ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «የኔም ታናሽ ነበር» አለኝ። ሽጉጡን ወገቡ ላይ መለሰና ባሌን በቀስታ፣ እንደ እንግዳ ደግፎ አወረደልኝ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ሁለታችሁን በእጄ ይዤ ነበር፣ አንዳችሁን ለቀቅሁ። ባሌን መረጥኩ። ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሹፌሩ አሁኑኑ እየተነሳ ነው። እነሱ ነዳጅ ሞልተው ነገ ጠዋት ይነሳሉ። የጭነት መኪናው ሌሊቱንም ተነድቶ ነገ ማታ ይደርሳል፣ ያ መኪና ግን በአንድ ቀን ይገባል። ማን እንደሚቀድም አላውቅም። ይህን እያነበብክ ከሆነ ደቂቃዎች አሉህ ማለት ነው፤ ዕቃ አትሰብስብ፣ ሱቁን አትዝጋ፣ ልጅቷን ይዘህ ውጣ።

መንገድ ላይ ይቆምባቸዋል ብለህ ደግሞ ተስፋ አታድርግ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አይቆምም።

እህትህ